የፎገራ ካርታ የማን ነው?



ከጣራ ገዳም ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳርቻ ተዘርግቶ ይታየዋል። ከላይ የገዳሙ ደን፣ ወይራውና ጽዱ፤ ከግርጌው አዲስ ዘመን፤ ቀጥሎ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና፤ ከዚያ ወዲያ የሩዝ ማሳ። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ወረታም መንገዱ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ በሚገነጠልበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች።

ይህ መሬት ባለፉት 70 ዓመታት ደጋግሞ ተለክቷል። በ1950 ዓ.ም. ገደማ አውሮፕላን ከላይ እየተመላለሰ ፎቶ አነሣው። ጊዜው የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ አብረው ለማጥናት የተስማሙበት ነበር፤ የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ጥናቱን አካሂዶ ብዙ ጥራዝ ያለውን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1964 አወጣ። ለዚሁ ሥራ ቀያሾች ከተራራ ተራራ እየተያዩ የዘረጉት የልኬት መረብ መነሻው በሱዳንና በግብጽ ድንበር አጠገብ ያለው አዲንዳን የተባለ ቦታ ነበር። የኢትዮጵያ ካርታዎች ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በዚህ መነሻ ላይ ቆመው ኖረዋል። የወንዞቹ የውኃ ልክም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲመዘገብ ቆይቷል። የርብ ግድብ ሲታቀድ በመስኖ የሚለማው ወደ 20,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ከፍታና ዝቅታው በዝርዝር ተቀየሰ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱን አፈር ለምነት የሚያጠናው ኢትዮ ሲስ የተባለ ፕሮጀክት አፈሩን እየዛቀ ላቦራቶሪ አስገባ። በአማራ ክልል የተጀመረው ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ደግሞ የአርሶ አደሩን ማሳ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ወሰን በወሰን አሰፈረው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልኬት ዛሬ የት ነው? ማንስ ሊያየው ይችላል? የዛሬው ዲስኩር የሚያነሣው ይህን ጥያቄ ነው።

መልሱን ለማግኘት ከትንሹ ልኬት መነሣት ይጠቅማል። የዝናብ መለኪያ የሚጠብቅ ሰው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ዘንድ ይሄዳል። በቆርቆሮው ማጥለያ የገባውን ውኃ መስመር ባለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያንቆረቁረዋል፤ ቱቦውን ከዓይኑ ጋር አስተካክሎ ይይዝና የውኃው መሐል ዝቅ ያለበትን መስመር ያነባል፤ ቁጥሩንም በሚሊ ሜትር በቅጹ ላይ ይጽፋል። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ዜሮ ብሎ መጻፍ አለበት። ባዶ የተተወ ቦታ ማለት «አልዘነበም» ሳይሆን «አልተለካም» ማለት ነውና። ወሩ ሲያልቅ ቅጹ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በበዓልም፣ በለቅሶም፣ ወንዝ በሞላበት ሌሊት ማግስትም ይሠራል። አንድ ጣቢያ የ30 ዓመት መዝገብ አለው ሲባል የዚህ ዓይነቱ ጠዋት ከ10,000 ጊዜ በላይ ተደጋግሟል ማለት ነው።

መዝገቡ ግን ወደመጣበት ቀበሌ አይመለስም። መረጃው እንዲሰጠው የሚፈልግ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ፣ ማኅተም አስደርጎ፣ ለምን እንደሚፈልገው አስረድቶ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚሠራ ተማሪ ይህን ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም ያገኛል። ሩዝ መቼ ልዝራ የሚለው ገበሬ፣ የወረዳው ሬዲዮ አዘጋጅ፣ የገዳሙን ደን የሚጠብቁ አባት ግን ማን ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል?

ካርታውም እንደዚያው ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የካርታና ጂኦግራፊ ተቋም ሆኖ የተቋቋመው፣ ከዚያ የካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ ቀጥሎ ኤጀንሲ፣ ዛሬ ደግሞ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አካል የሆነው መሥሪያ ቤት አገሪቱን ባለ 1:50,000 መጠን ካርታ ሲያነሣ ኖሯል። በእያንዳንዱ ሉሕ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር መሬት ይይዛል። የወንዝ፣ የመንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመንደር ስም ሁሉ ተጽፎበታል። ሙያተኞቹ በጥንቃቄ የሠሩት የሚያኮራ ሥራ ነው። ሆኖም ሉሑን ለመግዛት ለረጅም ዘመን ደብዳቤ ይዞ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ፊት ለፊት ወደሚገኘው ቢሮ መሄድ ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ምክንያት ወረታ ላይ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር የኮንቱር (የእኩል ከፍታ) መስመርን የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ በተሣለ፣ የትም በማይገኝ ኮረብታ ነው። የጣራ ገዳም ተዳፋት በመስኮቱ እየታየ! በእውነተኛው ካርታ ላይ የገዳሙ ተራራ ኮንቱሮች እንዴት እንደሚጠጋጉ፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ እንዴት ተራርቀው እንደሚጠፉ አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ የመሬት አቀማመጥን ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የቅጂ መብት አለው፤ የመንግሥት ንብረት ነው» የሚል በመሆኑ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ የግድ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ካርታን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ሥራው በቅጥር ላይ ባለ ሰው የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የመብቱ ባለቤት አሠሪው ነው። እስከዚህ ድረስ «የመንግሥት ነው» የሚለው መልስ ትክክል ነው። አዋጁ ግን በዚያው ጥበቃ የማያገኙትንም ዘርዝሯል፤ ከእነርሱም መካከል አሳብ፣ ቀመር፣ ግኝትና እንዲሁ መረጃ የሆነ ነገር ይገኙበታል፤ መረጃው በተጠበቀ ሥራ ውስጥ ተካቶ ቢገኝ እንኳ። ሕግና አስተዳደራዊ ይዘት ያላቸው ይፋዊ ጽሑፎችም በቅጂ መብት አይጠበቁም።

ልዩነቱ በፎገራ ምሳሌ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካርታ ሠሪው ርብን በሰማያዊ ቀለም የሣለበት አሣሣል፣ የመረጠው የፊደል ቅርፅ፣ የምልክቶቹ አቀማመጥ የፈጠራ ሥራ ነው። ርብ በአንድ የነሐሴ ቀን ድልድዩ ዘንድ ስንት ሜትር እንደሞላ ግን የማንም ፈጠራ አይደለም። የዝናቡ ሚሊ ሜትር፣ የአፈሩ ኮምጣጣነት፣ የተራራው ከፍታ፣ የቀበሌው ስም እውነታዎች ናቸው። በእነዚህ ላይ የቅጂ መብት የሚባል ነገር ሊጠቀስ አይገባም።

ሌላም አለ። አዋጁ ለፎቶግራፍ የተለየ ዘመን ሰጥቶታል፤ የኢኮኖሚ መብቱ የሚጠበቀው ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ማስላት ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተነሣው የዓባይ ተፋሰስ የአየር ፎቶ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያና በቀረው የደርግ ዘመን የተነሣው ሁሉ የጥበቃ ዘመኑን ጨርሷል። በእነዚህ ፎቶዎች የቅጂ መብትን ምክንያት አድርጎ ሰውን መመለስ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

የፎቶዎቹ ጥቅም ደግሞ ወዲህ ወረታ ዘንድ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1980 የተነሡትን የአየር ፎቶዎች ከቅርብ ዘመን የሳተላይት ምስል ጋር አነጻጽረው የጉማራ ወንዝ በ50 ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ አጥንተው ነበር። ጉማራ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ አፈር እያከማቸ ወለሉን ከፍ ማድረጉን፣ አፉም ወደ ሐይቁ እየገፋ አዲስ መሬት መሥራቱን አሳይተዋል። ገበሬው በአባቱ ዘመን ወንዙ በሌላ በኩል ይሄድ እንደነበር ሲናገር ትዝታው ትክክል መሆን አለመሆኑን ፎቶው ሊመሰክር ይችላል። ጥናቱ ግን በውጭ አገር የምርምር መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ የታተመ ነው። ፎቶዎቹን ለማየት የናበጋ ወይም የዋገጠራ ቀበሌ ገበሬ ዛሬም መንገድ የለውም።

ከዚህም ወደ ኋላ የሚሄድ ታሪክ አለ። ጣሊያን ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያን ከአየር ፎቶ ሲያነሣ ነበር። ወደ 34,000 የሚጠጉ ፎቶዎች ከ8,000 በሚበልጡ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ በካርታው መሥሪያ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀምጠው ኖሩ። በቅርብ ዘመን የጌንትና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሆነው አንድ በአንድ በዲጂታል ቀዷቸው። ለታሪክም ለአካባቢ ሳይንስም የማይተካ ሀብት ነው። በጦርነት ዓላማ የተነሣ ምስል፣ ከ80 ዓመት በኋላ፣ የቆላና የደጋውን ደን፣ ሸለቆና ማሳ ለማጥናት ዋለ።

የጣራ ገዳምን ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚያገናኝ ጥናትም አለ። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 የሚበልጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተቆጥረዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡ የአየር ፎቶዎችን ከዘመናችን የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ሲያዩ ደኖቹ በአብዛኛው ጸንተው መቆየታቸውን ተገነዘቡ። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ጫካ ነበር፤ ደኑ ብቻውን በእርሻ መሐል ቀረ። ይህ ለገዳማቱ ትልቅ ምስክርነት ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ደኑን የጠበቁት አባቶች የጥበቃቸውን ማስረጃ በምስል ሊያገኙ ይገባቸዋል። የደን ወሰን ክርክር ሲነሣ፣ አንዱ «ድሮም እርሻ ነበር» ሌላው «ድሮም ደን ነበር» ሲል፣ የ1938ቱ ወይም የ1957ቱ ፎቶ ከሽምግልናው መሐል ቢቀመጥ ነገሩን ባጭሩ ይቋጨው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። የቅጂ መብት ማለቅና ፎቶውን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፎቶው የጥበቃ ዘመን ቢያልፍም ፎቶው ያለው በአንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከሆነ፣ ማንም ሰው የማባዛት መብት አለው ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። ለዚህ ሌላ ሕግ ያስፈልጋል፤ እርሱም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ያረጋግጣል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ አፈጻጸሙን ይደነግጋል። ጥያቄ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። የተከለከለው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ቅሬታ ያቀርባል። ሕጉ እንግዲህ በአብዛኛው ክፍት ነው፤ በሩን የዘጋው የቢሮ ልማድ ነው። «ለምን ፈለግኸው?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛው አንቀጽ እንደመጣ ጠያቂውም ተጠያቂውም ሳያውቁት ዘመናት አልፈዋል።

ልማዱ የሚያስከፍለው ዋጋ በጎርፍ ጊዜ ይታያል።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከልኩ አልፎ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ወረዳዎች ጎርፍ መታቸው፤ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተፈናቀለ፣ ከብት አለቀ፣ ሰብል በውኃ ተዋጠ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻም የጣና ዙሪያ ወረዳዎች በተመሳሳይ ተጎዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውኃው የቱ ጋ ይደርሳል?» የሚል ነው። ባለ 1:50,000 ካርታው ይህን ሊመልስ አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ ወረታ ደግሞ 1,828 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በካርታው ላይ ኮንቱር የሚሠመረው በየ20 ሜትሩ ስለሆነ ከሐይቁ እስከ ከተማዋ ያለውን ሰፊ ሜዳ የሚያቋርጡት መስመሮች ሁለት ናቸው፤ የ1,800 እና የ1,820። ጎርፍ ግን በግማሽ ሜትር ልዩነት አንዱን መንደር ያሰጥማል፣ ሌላውን ይተወዋል። ሺና በተባለው ቀበሌ ውኃው ከጉልበት በላይ ሲሆን ትንሽ ከፍ ያለች አምባ ላይ ያለ ቤት ደረቅ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያሳየው ለመስኖው ሥራ የተደረገው ዝርዝር ቅየሳና ለመሬት ምዝገባው ኦርቶፎቶ የተባለው የተስተካከለ የአየር ፎቶ ሲነሣ የተዘጋጀው የከፍታ መረጃ ነው። ሁለቱም የተከፈለባቸው በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ስም በተወሰደ ብድርና ዕርዳታ ነው።

በነፃ የሚገኝ የውጭ ልኬትም አለ። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. የምድርን ከፍታ በራዳር ለክቶ ነበር። በ30 ሜትር ርቀት የተለካው ዝርዝር መረጃ ለአፍሪካ በነፃ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 1 ሳተላይትም በዚያው ዓመት ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ደመናን ዘልቆ የሚያይ የራዳር ምስሉን ለማንም በነፃ ይሰጣል። በክረምት የፎገራን ሜዳ ደመና ሲሸፍነው ውኃ የተኛበትን ቦታ ለይቶ የሚያሳየው ይኸው ራዳር ነው። ወረታ ያለ አንድ ወጣት ኢንተርኔት ካገኘ ሁለቱንም ያለ ማንም ደብዳቤ ያወርዳል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። የመንኮራኩሩ ልኬት በበርካታ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ለጠፍጣፋ ሜዳ ጎርፍ አያስተማምንም። ትክክለኛው ልኬት አገር ቤት ተቀምጧል።

ከቅጂ መብት ቀጥሎ በየስብሰባው የሚነሣው ሁለተኛው ክርክር የጸጥታ ነው። ቀላል ክርክር አይደለም። ክልሉ ብዙ መከራ አይቷል፤ ሰው በካርታ ላይ ምን እንደሚታይ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። የጦር ሰፈር፣ የድንበር ምሽግ፣ የመሣሪያ ማከማቻ ዝርዝር ይፋ ይውጣ የሚል ሰው የለም፤ አዋጅ 590ም የመከላከያና የደኅንነት መረጃን ለይቶ አስጠብቋል። ነገር ግን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት ጦር ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የዓለም አገሮችን በ1:200,000 መጠን ካርታ አንሥቶ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ እነዚያ ሉሖች ገበያ ወጡ። የውጭ ኃይል ካርታ ከፈለገ ከዚያም ከሳተላይትም ያገኛል። የተዘጋው በር የሚያግደው የወረታን መምህርና የአዲስ ዘመንን የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። የዝናብ ልኬትን፣ የወንዝ ሙላትን፣ የ60 ዓመት ዕድሜ ያለውን የደን ፎቶ በጸጥታ ስም መከልከል የጸጥታን ክብደት ራሱን ያቃልላል።

ሦስተኛው የገቢ ነው። መሥሪያ ቤቱ ካርታ ሸጦ ወጪውን ይሸፍናል ይባላል። የሌሎች አገሮች ልምድ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ምስል ይሸጥ በነበረበት ጊዜ በጣም ተሸጠ በተባለበት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው 25,000 ገደማ ነበር። መንግሥቱ ክምችቱን በ2008 በነፃ ሲከፍት በቀጣዩ ዓመት የወረደው ምስል ከአንድ ሚሊዮን በለጠ። በኢትዮጵያ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ጣና እምቦጭ፣ ስለ እርሻ መስፋፋት ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ የቆሙት በዚያ ውሳኔ ላይ ነው። አሜሪካ በዚህ የቀደመችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥቷ ሠራተኞች በሥራቸው ያዘጋጁት ነገር በአገሪቱ ውስጥ የቅጂ መብት አይኖረውም የሚል ሕግ አላት። እንግሊዝ በአንጻሩ የካርታ መሥሪያ ቤቷን መብት አጥብቃ የያዘች አገር ነበረች። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ማንም ሰው የሚሣተፍበት የዓለም ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 የተወለደው እዚያ፣ በዚያ ክልከላ መሐል ነው። በ2006 ጋርዲያን ጋዜጣ «መረጃችንን ልቀቁ» የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ በሚያዝያ 2010 የካርታ መሥሪያ ቤቱ ብዙ ካርታዎቹን በነፃ ለቀቀ። መሥሪያ ቤቱ አልፈረሰም፤ ዛሬም ይሠራል።

አገር ቤትም መልካም ጅምር አለ። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ የአየር ንብረት ካርታዎችን በድረ ገጽ ማሳየት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በግብርናው ዘርፍም የአፈርና የሰብል ተመራማሪዎች በየመሳቢያቸው የነበረውን መረጃ በፈቃዳቸው አሰባስበው ለጋራ አገልግሎት አውለዋል፤ የግብርና ሚኒስቴርም ለመረጃ መጋራት መመሪያ አውጥቷል። ለፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንዲህ ያለ መረጃ ቅንጦት አይደለም። ኤክስ ጅግና የተባለው ሩዝ በየትኛው አፈርና በምን ያህል ውኃ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚታወቀው የዝናብ፣ የወንዝና የአፈር መዝገብ አንድ ላይ ሲነበብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመሬት ምዝገባው ልምድ ነው። በ1995 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የአዋሳኝ ስም ነበር፤ በስተምሥራቅ እገሌ፣ በስተምዕራብ እገሊት። ካርታ አልነበረውም። ሁለተኛው ደረጃ ሲመጣ ትልቅ የታተመ ኦርቶፎቶ ይዘው ባለሙያዎች ማሳው ድረስ ወረዱ፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ቆመው «ወሰናችን ይህ ነው» ሲሉ በፎቶው ላይ ተሠመረ። የተዘጋጀው ካርታ ቀበሌ ላይ ተለጥፎ ሕዝብ አየው፤ የተሳሳተው ታረመ። ከአየር የተነሣ ምስል አይተው የማያውቁ አዛውንት ዋርካቸውንና የውኃ መውረጃቸውን ለይተው አሳይተዋል። ካርታን ለሕዝብ ከፍቶ ማሳየት በዚህ አገር ይቻላል፤ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሠርቶ ታይቷል።

ይኸው መዝገብ ደግሞ ምን መዘጋት እንዳለበትም ያስተምራል። የማሳው ቅርፅና የአካባቢው ምስል አንድ ነገር ነው፤ የባለይዞታው ስም፣ የቤተሰቡ ሁኔታና የመሬቱ ስፋት ተደምሮ ሌላ ነገር ነው። ፎገራ ላይ የሩዝ መሬት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በእኩልና በኮንትራት ይሰጣል። ባሏ የሞተባት ሴት ስንት ጥማድ እንዳላት ዝርዝሩ ለደላላ ሁሉ ቢዘረገፍ የሚጎዳው እርሷን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የዚህን ዓይነቱን መረጃ ለመጠበቅ የታሰበ ነው። መሥሪያ ቤቶች ይህን ለይተው ቢይዙ የቀረውን በድፍረት መክፈት ይችላሉ። እስካሁን የታየው ግን የሰው ስምም፣ የዝናብ ልኬትም፣ የ1950ው ፎቶም በአንድ መሳቢያ መቆለፉ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ነገር የተወሰነና የሚፈጸም መሆን አለበት። አንደኛው የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ የአየር ፎቶዎች ናቸው፤ በዲጂታል የተቀዱት ለማንም ይለቀቁ፣ ያልተቀዱትም በተራ ይቀዱ። ባለ 1:50,000 ሉሖችም የድንበርና የወታደር ቦታ ጉዳይ ካለ እርሱ ተለይቶ፣ የቀሩት ማንም ሊያባዛቸውና ሊያርማቸው በሚችልበት ግልጽ ፈቃድ ይውጡ። ፈቃዱ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል ይናገር፤ ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ቢሆን ማንም ቅር አይለውም። የርብና የጉማራ የውኃ ልክ፣ የወረታና የአዲስ ዘመን ዝናብ በየወሩ ለወረዳው ይመለስ። ኢንተርኔት ለሌለው ቀበሌ ደግሞ የታተመ ወረቀት ይበቃል፤ ጎርፍ የሚደርስበትን ቦታ የሚያሳይ ትልቅ ካርታ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሰው ከሞባይል ይልቅ በእርሱ ዙሪያ ይነጋገራል። ስሙ የተሳሳተ መንደር ካለም እዚያው በእስክርቢቶ ይታረማል፤ እርማቱም ወደ ካርታው ባለቤት የሚሄድበት መንገድ ይዘርጋ።

ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አይጠበቅም። የወረታ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የገዳሙ ተወካዮች በአንድነት ፈርመው በአዋጅ 590 መሠረት የመረጃ ጥያቄ ሊያቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የርብ መለኪያ ጣቢያ ከተተከለ ጀምሮ ያለው ዕለታዊ መዝገብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጸጥታም የግል ምሥጢርም አይነሣበትም፣ የቅጂ መብትም አይመለከተውም። ጥያቄው ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ይቅረብ፤ የገባበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያለበት ቅጂ ወረታ ይቀመጥ። በ30 ቀን ውስጥ መዝገቡ ወይም በጽሑፍ የተሰጠ የክልከላ ምክንያት ካልመጣ፣ ቅሬታው ለሚኒስቴሩ የበላይ ኃላፊ ይቀርባል፤ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ ያመራል።